የሁለቱ ፈረንሳዮች ጉልበት

በሕይወታችሁ አንድም ቀን እጁን ጨብጣችሁት የማታውቁት፣ ከባሕር ማዶ ያለ ሰው፣ ድንገት በቴሌቪዥን ብቅ ሲል ፀጉሩ ሸብቶ አይታችሁት፣ የገዛ አጎታችሁ ያረጀባችሁ ያህል ልባችሁ ድንግጥ ብሎ ያውቃል? እኔ ላይ ባለፈው ቅዳሜ ደርሶብኛል። ከማስተምርበት ከዘንዘልማ የፈተና ወረቀት ታቅፌ በሚኒባስ ወደ ከተማ ገባሁና ከሐይቁ ዳር ካለ ጭማቂ ቤት አረፍ አልሁ። አቮካዶና ማንጎ ስፕሪስ አዘዝሁ። ከቤቱ ጀርባ ዓሣ ይጠበሳል፤ ሽታው ከሐይቁ ነፋስ ጋር እየተደባለቀ በመስኮት ይገባል። ቴሌቪዥኑ ላይ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት የሚያወሩት ተንታኞች ተቀምጠዋል። አንደኛው ወደ ትልቁ ሰሌዳ ሊሄድ ከወንበሩ ተነሳ፤ ሲነሳም ቀኝ እግሩን በትንሹ፣ የሚያውቅ ሰው ብቻ በሚለየው መጠን፣ ጎተት አደረገ። ማንኪያዬን አስቀመጥሁ።

«ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ማነው?» አለ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ አንድ ወጣት።

«ተንታኝ ነዋ» አለ ጓደኛው።

«ተንታኝ መሆኑንማ አየሁ! ተጫውቶ ያውቃል ወይ ነው የምልህ።»

«ኧረ ተወው፣ እነዚህ ሁሉም ተጫውተናል ነው የሚሉት።»

ዞር ብዬ ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁ። ማስረዳት ሙያዬም ሱሴም ነው፤ ባለቤቴ «አንተ እኮ ጨው አቀብዪኝ ስትል እንኳ ስለ ጨው ታስተምራለህ» ትለኛለች። ነገር ግን ከየት ልጀምርላቸው? ሰውየው ማን እንደነበር ብነግራቸው ሌላኛውን መንገር ይመጣል፤ ሌላኛውን ስነግር ደግሞ ያን ቀን፣ ያን የሐይቅ ዳር ሜዳ፣ ያን ዘፈን ማንሳት ሊኖርብኝ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ጭማቂው እንደተቀመጠ ሞቀ።

ሽማግሌ አይደለሁም፤ ገና የመጀመሪያ ልጄን ትምህርት ቤት ላስገባ የምዘጋጅ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ ግን የቪዲዮ ካሴት ምን እንደሚመስል በእጄ ስለካላቸው የነገሥታቱን ዘመን የማወራ ይመስላቸዋል። ስለዚህ እንደ ሽማግሌ፣ በቅደም ተከተል ላስረዳ። መጀመሪያ ቤቱን። ከሐይቁ ዳር በነበረው ሰፈራችን «ሞላ ቪዲዮ» የሚባል ቤት ነበር፤ ሞላ የባለቤቱ ስም ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነ፣ አግዳሚው ከባሕር ዛፍ የተሠራ፣ ወለሉ አቧራ እንዳያስነሳ ውሃ የሚርከፈከፍበት። ፊልም በሃምሳ ሳንቲም፣ ኳስ በአንድ ብር። በጋዜጣ ጥቅልል ኦቾሎኒ የምትሸጥ አንዲት ሴት በር ላይ ትቀመጣለች፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት ቀኑን ሙሉ አንዱን የትዝታ ዘፈን ደግሞ ደጋግሞ ይለቅቃል። እኛ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ካናቴራ ለብሰን፣ ከጀርባው ላይ ቁጥር በቆርቆሮ ቀለም ጽፈን እንገባለን። ቀለሙ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ስለሚገትር ወንበር ላይ መደገፍ አይቻልም ነበር። የወቅቱ ሱሪ ደግሞ ከታች ሰፊ ነበር፤ ከስፋቱ የተነሳ የጭቃውን ውሃ እስከ ጉልበታችን ይመጥ ነበር።

ቀጥሎ ካሴቱን ላስረዳ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ስለሆነ። የሞላ ወንድም አዲስ አበባ ይኖራል፤ የውጭ ጨዋታ ሲተላለፍ ይቀዳና በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ይልካል። አንዳንዱ በሳምንቱ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ሹፌሩ ረስቶት ወር ይቆያል። ስለዚህ እኛ የምናየው ኳስ ሁልጊዜ ያለፈ ኳስ ነበር። በር ላይ በጠመኔ «ውጤት የተናገረ ይወጣል» ተብሎ ተጽፏል፤ ሬዲዮ ሰምቶ የመጣ ሰው አፉን በእጁ ሸፍኖ ይቀመጣል። አሁን ሳስበው ያስፈራኛል። ዘለን ተነስተን የምናጨበጭብለት ሰው በዚያች ደቂቃ ሆስፒታል ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ሌላም ነገር አለ። ባዶ ካሴት ውድ ስለነበር የሞላ ወንድም የሚቀዳው በአሮጌ የህንድ ፊልም ላይ ነበር። እሱ መቅዳቱን ያቆመበት ቦታ ላይ የህንዱ ፊልም ቀሪ ብድግ ብሎ ይመጣል። ዳኛው ፊሽካ ሊነፋ አፉ ላይ ሲያደርስ፣ በዛፍ መሀል የምትዘፍን ልጅ ብቅ ትላለች።

አሁን ወደ ሰውየው። ስሙን በትክክል የሚጠራ ሰው በሰፈሩ ስላልነበረ ሁላችንም «ፈረንሳዩ» እንለው ነበር። ታሪኩን ያወቅነው ከአዲስ አበባ ከሚመጣው የስፖርት ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣው ሞላ ዘንድ ይነበብና ከዚያ ለኦቾሎኒ ጥቅልል ይሆናል። የወደብ ጫኝ ልጅ ነው ይላል ጋዜጣው። በከተማው ትንሽ ክለብ ጀመረ፤ አጥንቱ የሚታይ ቀጭን ስለነበር ማንም አላመነበትም፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ክለብ ወሰደው፤ ያኔ ነው ጎል እንደ ክረምት ዝናብ ያወረደው። አጨዋወቱ ልዩ ነበር። ከተከላካዩ ትከሻ ሥር አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ፈዝዞ ይቆማል፤ ተከላካዩም ይረሳዋል፤ ኳሷ ስትመጣ ግን የለም፤ ጎሉ ጋ ነው። ካገባ በኋላ አይዘልም፣ አይጮህም፤ ጎንበስ ብሎ የወረደ ካልሲውን ይስባል። በቃ። ይህን ያየ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ካልሲ ይስብ ጀመር፤ ካልሲ የሌለውም ባዶ ቅልጥሙን ይስብ ነበር።

ከሁላችን ግን በእውነት እሱን የሚመስለው ሰይድ ነበር። ሰይድ የክፍል ጓደኛዬ፣ የዓሣ አጥማጁ የጋሽ ሙሄ ልጅ ነው። ግራኝ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ሜዳ ላይ ሲቆም የጠፋ ይመስላል፤ ድንገት ደግሞ ይገኛል። እኔ በዚያው ቡድን ግራ ተከላካይ ስለነበርሁ ልምምድ ላይ እሱን መያዝ የእኔ ዕጣ ነበር፤ አንድም ቀን ይዤው አላውቅም። «ፈረንሳዩ» የሚለው ስም ለእሱም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ሁለት ፈረንሳዮች ስለሆኑብን የቴሌቪዥኑ ፈረንሳይና የእኛው ፈረንሳይ እያልን እንለይ ነበር። አንዱ ሲያገባ ሌላኛው እንደሚያገባ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላኛው እንደሚጠፋ እናምን ነበር። ሞላማ «የሁለቱ ኮከብ አንድ ነው» ይል ነበር። ያን ጊዜ ደስ የሚል አባባል ነበር። አሁን ሳስታውሰው ይቀፈኛል።

ሜዳችን ከሐይቁ ጋር የተዋሰነ ነበር። ክረምት ላይ ግማሹን ውሃ ይወስደዋል፤ በበጋ ሲመልሰው ለምለም ሣር ይዞ ይመለሳል። ያን ሣር ፍለጋ ጉማሬ ታንኳ ከሚሠራበት የውሃ ዳር ደንገል መሀል ይወጣል፤ የእግሩ ዳና በጭቃው ላይ እንደ ድስት ጎድጉዶ ይቀራል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከልምምድ በፊት ጉድጓዶቹን በአሸዋ መሙላት የተለመደ ሥራ ነበር። ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ቀን ግን አንዷ ጉድጓድ በሣር ተሸፍና ቀረች። ሰይድ ኳስ አሳልፎ ሲዞር ቀኝ እግሩ ገባባት፤ ገላው ዞረ፣ እግሩ ግን አልዞረም። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን። ከደንገሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ውሃ ላይ ሲተነፍስ እስከ እኛ ተሰማ።

አባቱ በጀልባ ይዘውት ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ሄዱ፤ እዚያ ስመ ጥር ወጌሻ አለ። ወጌሻው አሽቶ፣ በቀርከሃ ደግፎ፣ በጨርቅ አሰረለትና እንዲህ አለ፤ «አጥንት አይደለም፣ ጅማት ነው። አጥንት ሞኝ ነው፣ ቢሰበርም ይታረቃል። ጅማት ግን ቂመኛ ነው። ክረምት እስኪገባ ኳስም ታንኳም እንዳትነካ።» ለተማሪዎቼ ይህን የማስረዳቸው ሁለት የደንገል ነዶ አስሬ ነው፤ ማሰሪያው በግማሹ ሲበጠስ ነዶዎቹ አሁንም ይቆማሉ፤ ስትጠመዝዟቸው ግን ይለያያሉ። የሰይድ ጉልበት በግማሹ የተበጠሰ ማሰሪያ ነበር። ይህ ደግሞ ለኳስ ብቻ አይደለም። ታንኳ ላይ የሚቀዝፍ ሰው በደንገሉ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚቀመጠው፤ እግሩን ዘርግቶ መረብ መሳብ አይችልም። ጋሽ ሙሄም ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። ጉልበቱ ከዳነ ሁለት እንጀራ አለው፤ ካልዳነ አንድም የለውም። ይህን እሱም አባቱም እኛም እናውቅ ነበር።

ትንሽ ሲሻለው ሰይድ በድብቅ መሮጥ ጀመረ። አባቱ እንዳያውቁም የሚሰግድበትን ቦታ ቀየረ፤ የሰፈራችንን መስጊድ ትቶ ራቅ ወዳለው ይሄድ ነበር። ምክንያቱን የነገረኝ በኋላ ነው፤ ሱጁድ ሲወርድ ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት አንድ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ነበር የሚሰግደው፤ አባቱ ከጎኑ ቆመው ቢያዩት ሁሉ ነገር ይገለጥ ነበር። በዚያው ሰሞን ወሬ መጣ። ለሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ከአዲስ አበባ አንድ አሰልጣኝ ይመጣል፤ አጥቂ ይፈልጋል። ወሬው ከጫማ ጠራጊ እስከ ዓሣ ሻጭ በአንድ ቀን ተዳረሰ። ጋሽ ሙሄ ዘንድም ደረሰ።

«የምሰማው እውነት ነው?» አሉት መረብ እየጠገኑ። እኔ የደብተር ውሰት ሰበብ አድርጌ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«ምኑ አባ?»

«ኳሱ ነዋ! ሌላ ምን አለህ።»

«አንድ ጨዋታ ብቻ ነው አባ። አንድ።»

«ጅማቱም እኮ አንድ ነው» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

ካሴቱ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። የቴሌቪዥኑ ፈረንሳይ ጉልበቱን እንደተጎዳ፣ ለትልቁ ፍጻሜ እንደማይደርስ ጋዜጣው ከጻፈ ቆይቷል፤ ሬዲዮ የሚሰሙት ግን «እናንተ ዝም ብላችሁ እዩ» እያሉ አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። የሞላ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጆንያው ተነስቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል። ፈረንሳዩ ገባ። ጉልበቱ በነጭ ፋሻ ታስሯል። ብዙውን ጊዜ ፈዝዞ ቆሞ አሳለፈ። ሊያልቅ ሲል ኳሷ መጣች፤ ከተከላካዩ ትከሻ ሥር ጠፋ፤ በግራው መታ፤ መረቡ ተንቀጠቀጠ። ወደቀ፤ ጓደኞቹ ተከመሩበት። በዚያች ቅጽበት ቢጫ ሳሪ የለበሰች ልጅ በዝናብ ውስጥ እየዘፈነች መጣች። የጨዋታው ቅጂ እዚያው ላይ ነበር ያለቀው።

ቤቱ ፈነዳ። «መልሰው! መልሰው!» ሞላ መለሰው። ገባ፤ ተከመሩበት፤ ልጅቱ ዘፈነች። እንደገና መለሰው። ሰይድ ከፊት አግዳሚ ላይ እጆቹን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር፤ ዞር ብሎ አየኝ። «አየኸው? በታመመ ጉልበት ነው ያገባው። አየኸው አይደል?» አለኝ። ፊቱ ያበራ ነበር። ከኋላችን አንዱ «ኮከባቸው አንድ ነው ብያለሁ እኮ!» እያለ ጮኸ።

በማግስቱ ለሁለተኛው ዙር ስናይ በሩ ተከፍቶ ብርሃን ገባ፤ ሁሉም «ዝጋው!» ሲል ጋሽ ሙሄ ቆመዋል። ቪዲዮ ቤት ገብተው አያውቁም። ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ሰው ቦታ ሲለቅላቸው ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ። ሰይድ አንገቱን ደፋ።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ሙሄ» አለ ሞላ ተደናግጦ። «ኳስ ይወዳሉ እንዴ?»

«ልጄን የሚያዘው ሰውዬ እዚህ ነው ያለው ብለውኝ ላየው መጣሁ።»

ሰው ሳቀ። ሞላ ጎሉን አሳያቸው። ፈረንሳዩ አገባ፣ ወደቀ፣ ተከመሩበት፣ ልጅቱ መዝፈን ጀመረች።

«ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«ከዚያማ አለቀ አባቴ። ህንድ ነው ያለው።»

«ሰውየው ነው የምልህ። በምን ሄደ ወደ ቤቱ?»

«በአውሮፕላን!» አለ አንዱ ከጨለማው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ ሙሄ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ማያው ላይ የምትዘፍነዋን ልጅ አየት አድርገው፣ ተነስተው ወጡ። በሩን ከኋላቸው የዘጋላቸው የለም፤ ከሐይቁ የሚመጣ ቀዝቃዛ ነፋስ ገብቶ ጆንያውን አንቀሳቀሰው።

የሰፈሮች ዋንጫው ፍጻሜ ቀን ሐይቁ ከጠዋት ጀምሮ ደስ አይልም ነበር። ውሃው ከሰል መስሏል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ቀድሞ ተነስቷል፤ ታንኳዎች ሁሉ ዳር ወጥተው ተጋድመዋል። ሜዳውን ሰው ከብቦታል፤ ሸንኮራ የሚሸጥ፣ ብስክሌቱ ላይ ቆሞ የሚያይ፣ ግራር ላይ የወጣ። አሰልጣኙ ቆዳ ጃኬት ለብሶ በወንበር ተቀምጧል። ሰይድ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ በወጣ ከመነዳሪ ጉልበቱን ጠምጥሞ አጥብቆ አሰረው።

«ያምሃል?» አልሁት።

«ስረግጥ ያማል እንጂ ይይዘኛል» አለ። «አንተ ብቻ ኳሷን ወደ እኔ ላካት።»

እንደ ቴሌቪዥኑ ፈረንሳይ ፈዝዞ ቆመ። ሰው «ሞቷል! አስወጡት!» እያለ ሰደበው። ሊያልቅ ሲል እኩል ለእኩል ነበርን። ኳሷ ከእኔ አልተነሳችም፤ ከቀኝ መስመር ነው የመጣችው፤ ሰይድ ከተከላካዩ ትከሻ ሥር ጠፋና ጎሉ ጋ ተገኘ፤ በግራው መታት። ገባች። አልወደቀም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ሳበ፤ እያነከሰ ወደ መሀል ጥቂት ተራመደ። አሰልጣኙ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ከዚያ ሕዝቡ ገባ። እኔ በሜዳው ሌላኛ ጫፍ ስለነበርሁ የደረስሁት ከብዙ ሰው ኋላ ነው። ሰይድን በትከሻ አንስተውታል። አንዱ ግራ እግሩን፣ ሌላኛው ቀኝ እግሩን በትከሻው አጥፎ፣ እንዳይወድቅባቸው ቁርጭምጭሚቱን ወደ ታች አጥብቀው ይዘው በዘፈኑ ምት ይዘላሉ። «የእኛው ፈረንሳይ!» ይላል ዘፈን አውጪው፤ «ሆ!» ይላል ሰፈሩ። ሰይድ ከላይ ሆኖ «አውርዱኝ!» እያለ ይጮህ ነበር። ሁላችንም ሰምተነዋል። አውርዱኝ ባለ ቁጥር ከፍ ይደረጋል፤ ከፍ ሲደረግ እንደገና አውርዱኝ ይላል።

ይህን ለውጭ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ለእናንተ ግን አይከብድም። በአገራችን ማዕድ ሲቀርብለት «በልቻለሁ» የማይል እንግዳ የለም፤ በልቻለሁ ስላለ ሳያጎርሰው የሚተው ባለቤትም የለም። በትከሻ የሚነሳ ሰውም እንዲሁ ነው። ሙሽራው «ኧረ አውርዱኝ» ይላል፣ ከፍ ያደርጉታል። ተመራቂው «አውርዱኝ» ይላል፣ ከፍ ያደርጉታል። አውርዱኝ ያላለ «ምን ያለ ኩራተኛ ነው» ይባላል። መግደርደር የጨዋ ልጅ ወግ ነው፤ መግደርደሩን አለመስማት ደግሞ የወዳጅ ወግ ነው። የሰይድ እጅ ግን ከተሸከሙት የአንዱን ልጅ ፀጉር ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። ልጁ «ቀስ፣ ላጭተህ ልትጨርሰኝ ነው!» እያለ ይስቃል። በሜዳው፣ በዓሣ ተራው፣ በሞላ ቤት በኩል፣ በዘፈን ዞርን። ነፋሱ አቧራውን ወደ ፊታችን እየመለሰው፣ ሐይቁ ከጎናችን እያጓራ፣ ዞርን።

ጋሽ ሙሄ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ልጆቹ ዘፈኑን ጨርሰው «እነሆ ጀግናዎን!» ብለው ሰይድን አወረዱት። እግሩ መሬት ሲነካ እንደ ባዶ ከረጢት ተጣጠፈ። ሁለት ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ከዚያ ቀኝ ጉልበቱ ወደ ማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፎ አየን። ጋሽ ሙሄ ተንበርክከው ከመነዳሪውን ይፈቱ ጀመር፤ ቋጠሮው እምቢ አላቸው፤ በጥርሳቸው ያዙት። «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላሉ። አሰልጣኙ በማግስቱ ሰው ልኮ ነበር፤ የተላከው ሰው ከበር አይቶ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሆነ። አገሩም ከተማውም ተለወጠ። ሞላ ቪዲዮ የስልክ ጥገና ቤት ሆኗል፤ ሜዳችን ላይ ሆቴል ቆሟል፤ ከሐይቁ በኩል ደግሞ እምቦጭ አረንጓዴ ምንጣፉን እየዘረጋ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይቀርበናል። ጋሽ ሙሄ ለብቻቸው እየቀዘፉ አርጅተው ሞቱ። ሰይድ ጉልበቱ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀረ፤ መረብ ይጠግናል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን በሣጥን ላይ ዘርግቶ። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ቀልድ ያውቃል። ስለዚያ ቀን ግን አንስቶልኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ለራሴ የሠራሁት ማብራሪያ ግን ነበረኝ፤ ጥፋቱ የካሴቱ ነው የሚል። መጨረሻውን ቢያይ ኖሮ አይጫወትም ነበር።

ከጭማቂ ቤቱ ሳልወጣ በስልኬ ፈለግሁ። ያ ጨዋታ ሙሉው አለ። ከጎሉ በኋላ ያለውን ብቻዬን ማየት ፈራሁና ወደ ሰይድ ሄድሁ። ፀሐይ ወደ ሐይቁ እያዘቀዘቀች ነበር፤ መረቡን ጭኑ ላይ ዘርግቷል።

«ቲቸር! ዛሬ ደግሞ ምን ልታስተምረን ነው?»

«የቴሌቪዥኑን ፈረንሳይ አየሁት። ሸብቷል።»

«እኛስ?» አለና ሳቀ። ስልኩን ስሰጠው ግን ሳቁ ቆመ። መነጽሩን አደረገ።

አብረን አየን። ገባ። ወደቀ። ተከመሩበት። ህንዳዊቷ ልጅ የምትመጣበት ቅጽበት ደረሰ፤ አልመጣችም። ጓደኞቹ አንስተው በትከሻቸው ሊያደርጉት ሞከሩ። ፈረንሳዩ እጁን አነሳ፤ አንድ ነገር ተናገረ። ወዲያው ሣሩ ላይ አጋደሙት፤ አንደኛው ጭንቅላቱን ያዘለት፤ ቃሬዛ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከጋዜጣ አውቀዋለሁ፤ ጅማቱ ተበጠሰ፣ ረጅም ጊዜ ተኛ፣ ተመለሰ፣ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ግን በትንንሽ ክለቦች ዓመታት ተጫውቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ በገዛ ፈቃዱ ጫማውን ሰቀለ። አሁን ሸብቶ፣ በትንሹ እያነከሰ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ ያወራል።

«ይህን ያኔ ብታየው ኖሮ አትጫወትም ነበር፤ አይደል?» አልሁት። መልሱን የማውቀው ጥያቄ ነበር።

«አንተ ደግሞ፣ ሁሉ ነገር በሰሌዳ የሚያልቅ ይመስልሃል» አለኝ ሳይቆጣ። «ወላሂ ባየውም እጫወት ነበር። ቢነግሩኝም፣ አባ ቢረግሙኝም እጫወት ነበር። እስኪ እዚህች ላይ መልሰው።»

መለስሁት። ፈረንሳዩ እጁን አነሳ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ምንድን ነው ያላቸው?»

«እኔ እንጃ፤ በፈረንሳይኛ ነው።»

«ፈረንሳይኛ ምን ያደርጋል። አውርዱኝ ነው ያላቸው።» ጣቱን ማያው ላይ አሳረፈና ምስሉ ቆመ። «አየህ? እሱን አወረዱት።»

ስልኩን መለሰልኝ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ ክሩን በመርፌው ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም። ከሐይቁ ነፋሱ ይነሳ ነበር። መርፌውን ተቀብዬ ክሩን አስገባሁለት።

እናንተን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሰርጉ ወር ሲመጣ፣ ወይም ዘመድ ሲመረቅ፣ ወይም የሰፈራችሁ ልጅ ጎል አግብቶ ሰው በትከሻችሁ ስታነሱ፣ የተነሳው ሰው «አውርዱኝ» ካለ፣ ወግ ይሁን እውነት ለመለየት አትድከሙ። ዘፈኑን አቋርጡና አውርዱት። ሲግደረደር ከሆነ ራሱ ስቆ «መልሱኝ» ይላችኋል፤ ምንም አትጎዱም። እስኪ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩት፤ እግሩ መሬት ሲነካም ፊቱን እዩት።